አፈር ትበላለህ ወይ?

ሥራዬ ወደ ታች ነው። ግንበኛ ሥራው ሲሰምርለት ወደ ላይ ይወጣል፤ እኔ ሲሰምርልኝ እወርዳለሁ። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ። ስሜ ደሳለኝ፣ ቤቴ ፍኖተ ሰላም፤ ከጅጋ እስከ ቡሬ ባለው አገር እኔ ያልቆፈርሁበት ቀበሌ ጥቂት ነው። የምነግራችሁ ግን ስለ ውሃ አይደለም። ባለፈው ዓመት በበጋው ወራት ከአንድ ጉድጓድ ውስጥ ስላሳለፍሁት ግማሽ ቀን ነው።

አስቀድሜ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ደም ለጋሽ ነበርሁ። በጎ ሰው ሆኜ የጀመርሁት እንዳይመስላችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ድንኳን ተጥሎ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ጥላው ሥር ለስላሳና ብስኩት ሲታደል አየሁና ገባሁ። ደም የምትቀዳው ሴት ክንዴን ዳሰስ አድርጋ «የአንተ ደም ሥር እንደ ገመድ ነው» አለችኝ። ስለ ሰውነቴ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። በሦስተኛው ወር ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር በሞላ ቁጥር አንድም አላሳለፍሁም። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ባለቤቴ ትሁን ከሠርጋችን ፎቶ ጎን ሰቀለችው። በዕድራችን ሰው በታመመ ቁጥር «ደሳለኝን ጥሩት» ይባል ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማላውቃቸው እናቶች ይመርቁኛል። ሳላውቀው ስሜ ከደሜ ጋር ተጣበቀ፤ ከዚያ ስም ልውጣ ብልም መውጫውን አላውቀውም።

ደግሞም መውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ እየመጣ ነበር። ከዓመት ወዲህ ሰውነቴ ሌላ ሰው ሆኗል። ማታ ጋደም ስል እግሬ አልተኛ ይለኛል፤ ሳራግጥ ስለማድር ትሁን ልጆቹ ጋ ሄዳ መተኛት ጀመረች። የከንፈሬ ጥግና ጥጉ ተሰነጠቀ። ከጉድጓድ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ዕድሜ ነው አልሁ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

አፈሩስ? አፈሩን ዕድሜ ነው ማለት አልቻልሁም።

ጉድጓድ ቆፋሪ አፈር ቢቀምስ ነውር የለበትም። ድሮ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ከምላሳቸው ጫፍ ላይ ነካ አድርገው «ውሃው ቀርቧል» ይሉ ነበር። እኔም ባለቤቶቹ ፊት ቀምሼ ራሴን ስነቀንቅ ሰው ይደነቅብኛል። መቅመሱን ትቼ መብላት ከጀመርሁ ግን ቆይቻለሁ። እርጥብ አፈር ሲሸተኝ ምራቄ ይሞላል። ነጩን፣ ልሙን አፈር በፌስታል ቋጥሬ በኪሴ እይዛለሁ። ከጉድጓዱ ታች ሰው በማያየኝ ቦታ እቆረጥመዋለሁ። አፈር የሚያምራት እርጉዝ ሴት ናት፤ አፈር የሚበላ ሕፃን ነው። የሦስት ልጆች አባት ሆኜ ይህን ለማን እናገራለሁ? ለትሁን እንኳ አልተነፈስሁም።

ከጉድጓዱ ቀን አራት ቀን ቀደም ብሎ ቡሬ ላይ ደም ሰጥቼ ነበር። ደም የምትቀዳው ልጅ አዲስ ናት፤ ሰናይት ትባላለች። ጣቴን ወግታ ጠብታዋን ከሰማያዊው ፈሳሽ ውስጥ ጣለቻት። ደሙ በቂ ከሆነ ጠብታው ወዲያው ይሰጥማል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳየው የኖርሁት ነው። ያን ቀን ጠብታዬ መሐል ላይ ቆመች። እንደ መወላወል አለችና ቀስ ብላ ወረደች።

ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ስንተኛ ጊዜዎ ነው?»

«ሃያ አራተኛ» አልሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ድካም ይሰማዎታል? ማታ እግርዎ እረፍት ይነሳዎታል?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

«ጥሬ እህል፣ በረዶ፣ አፈር፣ እንዲህ ያለ ነገር ያሰኝዎታል?»

ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። ፌስታሉ እዚያው ነው።

«ምነው፣ አርግዣለሁ እንዴ?» አልሁ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሰናይት አልሳቀችም። «ጠብታዋ ስለወረደች ልመልስዎ አልችልም» አለች። «ግን ትንሽ ናሙና ለብቻ ልውሰድ። ብዙ ጊዜ ለሰጡ ሰዎች አዲስ ምርመራ ጀምረናል፤ ባሕር ዳር ይላካል።» ስልኬን መዝገቧ ላይ ጻፈች።

በሁለተኛው ቀን መደወል ጀመረች። አላነሳሁም። ሰው ለደግ ወሬ ደጋግሞ አይደውልም፤ «ከእንግዲህ አትስጥ» ልትለኝ ነው ብዬ ገመትሁ። የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ ከኮቴ ኪስ ውስጥ ወሸቅሁት።

እንግዲህ ወደ ጉድጓዱ እንሂድ።

እትዬ ዘሃራ በቡሬ ገበያ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከከተማው ዳር፣ ሰፊ ጓሮ ባለው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በጓሮው የበርበሬ ችግኝ ሊያፈሉ ውሃ ፈለጉ። እኔና የትሁን ታላቅ ወንድም አበጀ ሥራውን ያዝን። እኔ ከታች እቆፍራለሁ፤ አበጀ ከላይ ገመዱን ጉድጓዱ አፍ ላይ በተጋደመው መጠቅለያ እንጨት እየጠቀለለ አፈሩን በባልዲ ያወጣል። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ክንዴን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ እነካለሁ። ለመውጫና ለመውረጃ ግራና ቀኙን መርገጫ እየቦረቦርሁ እሄዳለሁ። በዘጠነኛው ቀን አሥራ ሦስት ሜትር ደረስን።

ረፋድ አራት ሰዓት ግድም ዶማዬ ካረፈበት ቦታ ውሃ ፈለቀ።

«አያ አበጀ፣ መጥቷል» አልሁ።

ከላይ እትዬ ዘሃራ «አልሃምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ። የአበጀ ራስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ብቅ አለ። «ገና አንድ ሜትር ይቀረናል፤ ውሃውን የሚስብ ሞተር ተከራይቼ ልምጣ። አንተ ውጣ።»

«አንተ ሂድ፤ እኔ ጭቃውን ልሰብስብ።»

«ውሃ ከመጣበት ጉድጓድ ሰው ብቻውን አይቀመጥም፣ ደሳለኝ።»

«ለአንድ ሰዓት ነው አያ። ሂድ አንተ።»

እያንገራገረ ሄደ። እኔ የቀረሁት ለጭቃው አልነበረም፤ ወይም ለጭቃው ነበር፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ውሃው የመጣበት የአፈር ንብብር ነጭ ነው። እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። እስከዚያ ቀን እንዲህ የሸተተኝ አፈር የለም። አማቼን ከአጠገቤ ያባረርሁት እሱን ብቻዬን ልበላ ነው። ጥግ ላይ ቁጢጥ ብዬ በላሁ። ጥርሴ ሥር ሲንኮሻኮሽ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ስነቃ፣ እንቅልፍ ባይሆንም ከዚያ ስመለስ ማለቴ ነው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። በቃኝ ብዬ ተነሣሁና መርገጫውን ያዝሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአምስተኛው ላይ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ብልጭ ጥፍት አለ። ጀርባዬን ከግድግዳው አጣብቄ ለማረፍ ሞከርሁ፤ ጉልበቴ ከዳኝና ተንሸራትቼ ውሃው ላይ በቂጤ ወደቅሁ።

ትንሽ ተነፈስሁና እንደገና ጀመርሁ። በሦስተኛው መርገጫ ቀረሁ። በሦስተኛው ሙከራዬ እግሬን ከውሃው አንሥቼ መርገጫው ላይ ማድረስ እንኳ አቃተኝ። እግሬን በእጄ ይዤ አነሣሁት። እጄ ይዞት ቆየ፤ እግሬ ግን አይገፋም። ሃያ ዓመት ስወጣና ስወርድ የኖርሁ ሰው፣ ምንም ሳልሰበር፣ ምንም ሳያመኝ፣ እንዲሁ ቆሜ ቀረሁ። ቀና ስል ሰማዩ የሰፌድ ያህል ነው።

«እትዬ ዘሃራ» ብዬ ተጣራሁ።

ጥቂት ቆይተው መጡ። «ምን ልስጥህ ልጄ? ውሃ ጠማህ?»

«መውጣት አቃተኝ።»

«ምን ሆንህ? ተጎዳህ?»

«አልተጎዳሁም። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «የታፈነ አየር እንዳይሆን። ባለፈው ማዶ ሁለት ወንድማማቾች እንዲህ ሆነው ነው የሞቱት።» ሮጠው ሄዱና ሻማ ለኩሰው በባልዲው ውስጥ አቁመው አወረዱልኝ። አየሩ የተበላሸ ከሆነ እሳት ይጠፋል። ሻማው ከፊቴ ደርሶ ቀጥ ብሎ ነደደ። ሁለታችንም፣ እሳቸው ከላይ እኔ ከታች፣ እያየነው ቆየን።

«ይነዳል?» አሉ።

«ይነዳል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ሻማው ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር ማለት ነውር ነው፤ ግን እንደዚያ ተሰምቶኛል። ቢያንስ የያዘኝን አውቀው ነበር።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነው፤ ሰፈሩ ባዶ ነበር። እትዬ ዘሃራ አጥር ለአጥር ተጣርተው ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አመጡ፤ ሁለቱም እንደሳቸው በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ገመዱን በብብቴ ሥር አሰርሁ። ሦስቱ ተጋግዘው እንጨቱን ማዞር ጀመሩ። ከውሃው ወጣሁ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ከፍ አልሁ። አንዷ «እጄ፣ እጄ» ስትል ሰማሁ፤ እንጨቱ ከእጃቸው አመለጠና ተመልሼ ወረድሁ። ክርኔ ከግድግዳው ተላተመ። ከላይ ማልቀስ ተጀመረ።

«ይቅር፣ አትድገሙት» አልኋቸው።

ውሃው ጉልበቴን አልፎ ጭኔ ላይ ደርሷል። ዘጠኝ ቀን ስለምነው የነበረ ውሃ ነው። ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል፤ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጭ ጀመር። እትዬ ዘሃራ ወደ ዋናው መንገድ ሄደው ሰው ሊጠሩ ተነሡ፤ እኔ ግን እንደ ሕፃን «አይሂዱብኝ» አልሁ። ያፈርሁበት ነገር ከብዙው ይህ አንዱ ነው። እዚያ ሆኖ የሰው ፊት ከዚያ ክብ ላይ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያላየው አያውቀውም። ግድግዳው ራሱ የሚጠጋችሁ ይመስላል።

በመጨረሻ ስልኬ ትዝ አለኝ። «እላይ በተውሁት ኮት ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። አበጀ ጋ ይደውሉ።»

ደወሉ። አይሠራም። ኋላ እንደሰማሁት የሞተሩ ባለቤት ገጠር ወርዶ፣ አበጀም ተከትሎት ኔትወርክ ወደሌለበት ሄዷል። እትዬ ዘሃራ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ መብራቱ በራ። ሰው እየደወለ ነው። አበጀ መስሏቸው አነሡት።

«ደሳለኝ፣ ሰናይት የምትባል ልጅ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ስደውልለት ነበር ትላለች።»

«ኋላ እደውላለሁ ይበሏት።»

እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ እንኳ ከዚያች ልጅ መሸሼን አልተውሁም።

እትዬ ዘሃራ አልሰሙኝም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ጉድጓዱን፣ እግሬን፣ ሻማውን፣ ውሃውን። ከዚያ ረጅም ጊዜ «እህ… እህ…» እያሉ አዳመጡ። አንገታቸውን አስገቡና እየጮሁ ይነግሩኝ ጀመር።

«ውጤትህ መጥቷል ትላለች። በሰውነትህ ያለው ብረት አልቋል ትላለች። አይረን የሚሉት ነው፤ ደም የሚሠራው በሱ ነው። መሶቡ ላይ እንጀራ ስለነበረ ማንም አላወቀም እንጂ ጎተራው ከተጠረገ ቆይቷል ትላለች። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«በዚህ ላይ ደግሞ ከአራት ቀን በፊት ደም ሰጥተሃል። አሁን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ ብላለች፤ እውነቱን ተናገር። አፈር ትበላለህ ወይ?»

ቃሉ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ወረደ። ሁለቱ ጎረቤቶች ከጎናቸው ናቸው፤ ጥላቸው ይታየኛል። አፌ ውስጥ የበላሁት አፈር ገና አለ።

«ለምን ትጠይቃለች?» አልሁ።

«እግሩን የያዘው ፍርሃት ከሆነ አበረታቱትና በመርገጫው ይውጣ። አፈር እስኪያስበላው የደረሰ የብረት ማለቅ ከሆነ ግን አንድ እርምጃ እንዳይሞክር፤ መሐል ላይ ራሱን ይስታል ትላለች። ስለዚህ ንገረኝ።»

እኔ አንድ እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ ነበር። ውሃው ደረቴ ሳይደርስ አንዴ ልሞክር፣ ቢሆን ይሁን ባይሆን ይቅር ብዬ ቆርጫለሁ። «አልበላም» ብል ማንም የሚያውቅ የለም። ሰልፉ ፊት እንዳልሁት አንዴ ብቻ እላለሁ፣ እወጣለሁ፣ ስሜም እንዳለ ይቀራል። ይህን ያህል አሰብሁ። ከዚያ ከፍታው ላይ ራሴን ስቼ ስወድቅ ታየኝ፤ ትንሿ ልጄም ፊቴ ድቅን አለች።

«እበላለሁ» አልሁ።

«አልሰማሁህም።»

«እበላለሁ እትዬ። ዓመት አልፎኛል። ዛሬም በልቻለሁ።»

ከላይ አንዷ ጎረቤት «ወንድ ልጅ አፈር ከበላ ደግ አይደለም፤ ጠበል ያስፈልገዋል» ስትል ሰማሁ። እትዬ ዘሃራ «መጀመሪያ ይውጣ» አሏት። ለሰናይት መልሴን ነገሯት፤ ስልኩም ተዘጋ።

«እግርህን ከመርገጫው አውርድ» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። «ሰው እልካለሁ ብላለች። ገመዱን አትፍታ፤ ጫፉን ከላይ ከእንጨቱ ጋር አጥብቀን እናስረዋለን፤ ብትደክም እንዳትሰጥም።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ውሃው ወገቤን አለፈ። እጄ ደነዘዘ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ጀመር። ደሜ በሃያ አራት ሰው ሰውነት ውስጥ ይዞራል፤ እኔ ግን አሥራ ሦስት ሜትር መውጣት አቃተኝ እያልሁ አስብ ነበር። ትሁን ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ወረቀት ትዝ ሲለኝ ጠላሁት።

እትዬ ዘሃራ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በደረታቸው ተኝተው ያወሩኝ ነበር። እንዳልተኛ ነው። ስለ ባላቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ በርበሬ እንዴት እንደሚደርቅ። መልስ ሳሳንስባቸው ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ» አሉ፣ «የቤቱን ምርጊት በጥፍሬ እየፋቅሁ እበላ ነበር። ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ጨረስሁት። አማቴ አይጥ ነው ብለው ድመት አመጡ።»

«ኋላስ?» አልሁ።

«ድመቷ እኔን እያየች ትቀመጥ ነበር።»

ሳቅሁ። ያን ያህል ውሃ ውስጥ ቆሜ ሳቅሁ።

«ለሰው ተናግሬው አላውቅም» አሉ። «አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

የባጃጅ ድምፅ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰናይት ማንን እንደላከች አላሰብሁም ነበር። ለካ መዝገቧን ገልጣ በቡሬ የሚኖሩ ደም ለጋሾችን አንድ በአንድ ደውላላቸዋለች። አምስት መጡ። ሁለቱ ወፍጮ ቤት የሚሠሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ወፍራም ገመድና ጆንያ ይዘዋል። ሦስተኛው ይበልጣል የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። አንዲት ባንክ የምትሠራ ልጅ ከሥራዋ ወጥታ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማለች። አምስተኛው ሽማግሌ ጡረተኛ ነው፤ መሳብ ባይችልም ገመዱ እንዳይንሸራተት እግሩን ተክሎ ጫፉን ያዘ። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። የሚያገናኘን ከአንድ መዝገብ ላይ መጻፋችን ብቻ ነው።

ይበልጣል በሁለተኛው ገመድ ታስሮ ወረደ። ደረቴ ድረስ ካለው ውሃ ውስጥ ገብቶ ጆንያውን በጭኔ ሥር አሳልፎ እንደ መቀመጫ አሰረልኝ። ጣቶቼ ምንም ማሰር አይችሉም ነበር።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለኝ። «መሳቡ የኛ ነው።»

ቀስ ብዬ ወጣሁ። የሰፌድ ያህል የነበረው ሰማይ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ከዚያ የባሕር ዛፍ ቅጠል አየሁ፣ ከዚያ ሰው። ጓሮው ላይ አጋደሙኝና ጋቢ ደረቡብኝ። ሁሉም ከብበውኝ ቆመዋል። አፌን ልሸፍን እጄን ለማንሣት ሞከርሁ፤ አልነሣ አለኝ። እትዬ ዘሃራ ጎንበስ ብለው በሻርፓቸው ጫፍ የከንፈሬን ዙሪያ ጠረጉ። ነጩ አፈር ጨርቁ ላይ ቀረ። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት፣ ደንገጥም ቸኮልም ሳይሉ፣ የልጅ አፍ እንደሚጠረግ ጠረጉት። አልቅሻለሁ።

አበጀ ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ ሲመጣ ስምንት ሰዓት አልፏል። አምስት የማያውቃቸውን ሰዎችና መሬት የተጋደምሁትን እኔን አየ። አጠገቤ ተቀመጠና እግሬን ማሸት ጀመረ።

ቡሬ ሆስፒታል አደርሁ፤ በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም ሌላ ሐኪም አየኝ። ሐኪሙ ዝም ብሎ ኪኒን አላዘዘልኝም። ትል ይኖርብኝ እንደሆነ መረመረ፤ ከሆዴ ውስጥ የሚደማ ነገር እንዳይኖር ጠየቀ፣ ፈተሸ። ምንም አልተገኘም። ስድስት ዓመት በየሦስት ወሩ ደም ስሰጥ የወጣውን ብረት የሚተካ ነገር አልነበረኝም፤ በዚያ ላይ ምግብ በበላሁ ቁጥር ሻይ ጠጪ ነኝ፤ ሻይ ደግሞ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ያስቀራል አለኝ። «ይህ ነገር ገና ስትደክም፣ ገና አፈር ሲያምርህ ቢታወቅ ኖሮ ቀላል ነበር» አለ። ለአንድ ዓመት ደም እንዳልሰጥ ከለከለኝ።

ኪኒኑ እንደዋዛ አይደለም። ሆድ ይጠብሳል፣ ሰገራን ያጠቁራል። ስንት ጊዜ ልተወው ነበር፤ ትሁን አጠገቤ ቆማ ካላስዋጠችኝ አትሄድም። ነገሩን ሁሉ ነግሬያታለሁ። «አሥራ አምስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ኪስህን አልፈተሽሁም» ብላ ለሦስት ቀን ተቀየመችኝ፤ በአራተኛው ቀን አጠገቤ ተመልሳ ተኛች። እግሬም አላራገጠም።

በሦስተኛው ሳምንት ይሁን በአራተኛው፣ ጓሮዬ ውስጥ ዝናብ የነካው አፈር አንሥቼ ሸተትሁ። ጭቃ ነው። ምራቄ አልመጣም። ረጅም ሰዓት ይዤው ቆምሁ፤ ደስ አለኝ፣ ትንሽም ደግሞ ግራ ገባኝ። እንዲያ የገዛኝ ነገር ጭቃ ብቻ መሆኑን ማመን አቃተኝ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ደም አትስጡ አላልሁም። እንዲህ የሚል ሰው ካለ ከእኔ የሰማ እንዳይመስላችሁ። እኔን ከጉድጓድ ያወጡኝ ደም የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። የምለው ሌላ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ከታች ነበርሁ፤ ሰው ያየው ግን እትዬ ዘሃራ ጓሮ ውስጥ ብቻ ነው። አንዲት ልጅ ሰማያዊ ፈሳሽ ይዛ ከፊቴ ተቀምጣ በሩን ከፈተችልኝ፤ እኔ ሰልፉን አስቄ መልሼ ዘጋሁት። ስትጠየቁ አትሳቁ። ድካማችሁን ንገሩ። የሚያምራችሁ ነገር የሚያሳፍር ቢሆንም ንገሩ።

ዘንድሮ ደም በሚሰበሰብበት ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ከሰናይት ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶኛል። ሰው ለነጭ ጋውን የማይናገረውን ለጉድጓድ ቆፋሪ ይናገር ይሆናል ብላ ያሰበችው እሷ ናት። የሚመጡትን አንድ በአንድ አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ሰልፉም ራቅ ብሎ እንዲቆም ተደርጓል።

ባለፈው ወር አንዲት መምህርት መጣች። ሒሳብ ነው የምታስተምረው፤ ዘጠነኛ ጊዜዋ ነው። ከንፈሯ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ። ድካም? የለም። እግር? ደኅና ነው። የሚያምርሽ ነገር? ፈገግ አለችና «ምን ያምረኛል» አለች።

እኔም ስለ ራሴ ነገርኋት። ስለ ጉድጓዱ ብዙም አላወራሁም፤ ስለ ፌስታሉ ነው የነገርኋት። ኪሴ ውስጥ እንዴት እንደምይዘው፣ ሰው ሲመጣ እንዴት እንደምውጠው።

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሰልፉን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ሦስት ጠመኔዎች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሁለቱ ሙሉ ናቸው። ሦስተኛው ጫፉ ተገምጧል፤ የጥርሷ ምልክት ይታያል።

ሰናይት ጠመኔዎቹን አላነሣችም። ብዕሯን ይዛ ወንበሯን አስጠጋችና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።